ከመዳፍ ወደ ስታጃ

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ቤት ያስጨረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጣላው ከለሳኙ ጋር ነው። ቀን ቀጥ ብሎ ሲታይ የዋለው ግድግዳ ማታ መብራት ሲበራ ሌላ ይሆናል። አንድ ቦታ ሆዱ ተነፍቷል፣ አንድ ቦታ ወገቡ ጎድሏል። ኮርኒሱ ላይ አምፖሉ ዙሪያ የማንኪያው ዱካ እንደ ጨረቃ ቁራጭ ተደርድሯል። ባለቤቱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሽቅብ ያያል፣ ከዚያ ስልክ ያነሳል። "ባለሙያ ከዚህ አገር ጠፍቷል" የሚለው አባባል ከሚነገርባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሰውየው መናደዱ ልክ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሏል። ፍርዱ ግን ችኩል ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ከየት መጣ? ማን ጠየቀው? በምን መሣሪያ ነው የሚገኘው? ልስን ታሪክ ያለው ሥራ ነው፤ ታሪኩ ሲታይ ደግሞ ጥፋቱ ከለሳኙ እጅ ይልቅ እጁ ላይ ባለው መሣሪያ ርዝመት፣ ለሥራው በተሰጠው ጊዜና በሥሩ ባለው ብሎኬት ላይ ይገኛል።

ከቋንቋው እንጀምር። አማርኛ ግድግዳን ለማልበስ ቢያንስ ሦስት ግሶች አሉት፦ መረገ፣ ለቀለቀ፣ ለሰነ። መምረግ ጭቃውን በእንጨቱና በማገሩ መሀል መሙላት ነው። መለቅለቅ በእበት ወይም በቀጭን ጭቃ ማለስለስ ነው። መለሰን ዛሬ በአብዛኛው የሚባለው ለሲሚንቶና ለጀሶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መሣሪያቸው መዳፍ ነው። ሦስተኛው መሣሪያ ይፈልጋል፤ የመሣሪያዎቹ ስም ደግሞ፣ ወደ በኋላ እንደምናየው፣ አብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።

የጭቃ ቤት አሠራር ውስጥ ያደገ ሰው አይረሳውም። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ከዚያ ጭቃ ይቦካል። ቃሉ ከሊጥ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሥራውም ይመሳሰላል። አፈሩ ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቀናት ይቆያል፣ ተመልሶ ይረገጣል። የጤፍ ጭድ ተመራጭ ነው። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ሰብስቦ ይይዘዋል፣ ሲደርቅም ስንጥቁን ይቀንሰዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ከደረቀ በኋላ ስንጥቁ በሁለተኛ ዙር ይደፈናል። የመጨረሻው ልቅለቃ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር፤ በብዙ የገጠር ቤት ዛሬም ነው። እበት፣ አመድ፣ እንደየአገሩ ነጭ ወይም ቀይ አፈር፣ በመዳፍ በግማሽ ክብ እየተሳበ ይቀባል። ዓመት በዓል ሲቃረብ ይታደሳል። ልጅ ግድግዳውን በቅርብ ካየው የእናቱን አምስት ጣት መቁጠር ይችል ነበር።

መዳፍ ከስንዝር የማይበልጥ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ወደሄደበት ይሄዳል። አጠናው ከጎበጠ ጭቃው ይጎብጣል፤ መዳፉም በጉብጠቱ ላይ ወጥቶ በጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ሁሉንም እኩል ያለሰልሳል። ውጤቱ ለስላሳ ነው፣ ቀጥ ያለ ግን አይደለም። ይህ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም። ቤቱን የሚያበራው ምድጃና ኩራዝ ነበር፤ ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ተለክቶ አይገጠምም ነበር፤ ሴራሚክ አልነበረም። ለስላሳ መሆንና ቀጥ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዛሬው ለሳኝና የዛሬው ባለቤት ጠብም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሳል። አንዱ ያለሰለሰውን ሌላው ቀጥ አልልህ ይለዋል።

ኮርኒስማ ጭራሽ አልነበረም። ጎጆ ቤት ውስጥ ሽቅብ ሲታይ የሚታየው ጣሪያው ራሱ ነው፤ ጭስ ያጠቆረው ሣርና እንጨት። ቆርቆሮ ሲመጣ ቀን ሙቀት ማታ ቅዝቃዜ አብሮ መጣ፤ ዝናብ ሲዘንብም ሰው ከሰው አይሰማማም። ያኔ ነው የአዲስ አበባ ቤቶች አቡጀዴ የወጠሩት። ጨርቁ ተሰፍቶ በእንጨቱ ላይ ይወጠርና ይቀባል። ቀጥ ያለ ነገር በአዲስ አበባ ተራ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የታየው ምናልባት በዚያ ጨርቅ ላይ ነው፤ እሱም አይጥ ሮጣበት እስኪረግብ ድረስ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መዶሻ፣ ሚስማርና የሚጎትት እጅ ነው። ልስን አልነበረበትም።

ይህ ሲባል አገሩ ከጭቃ ሌላ ልስን አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ላስታ ውስጥ ዋሻ ሥር ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በእንጨት ወራጅና በነጭ ልስን በተሸፈነ ድንጋይ ተራ በተራ የተደረደረ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ጥቁርና ነጭ ጥለት ይመስላል። ከዘመናት በኋላ፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ ኢየሱሳውያኑ በጻፏቸው ዘገባዎች ውስጥ የኖራ ነገር ትልቅ ወሬ ሆኖ ይገኛል። በ1628 ዓ.ም. ገደማ አፄ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁሩ ግንቡ በኖራ ተያያዘ። በጎንደር ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ሥራ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እጅ እንደነበረበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። እነዚያው ሰዎች በሠሩት ግንብ ጥላ ሥር "ቡዳ" ይባሉ ነበር። ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ጭቃ የሚነካ እጅ የሚፈለግም የሚናቅም ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጅ የሚወጣው ነገሩ ሥር ሲሰድ ነውና ንቀቱ ምን ያህል እንደነበር ከዚያ ይገመታል።

የጎንደር ኖራ ግን ወደ ተራው ሰው ቤት አልወረደም። የነገሥታትና የቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ተራው ቤት በጭቃው፣ ለቅላቂዋም በመዳፏ ቀጠሉ።

መሣሪያውን ለመረዳት ግን ከአገር ወጣ ማለት ያስፈልጋል፤ የልስን መሣሪያ ታሪክ በጣም ረጅም ነውና። እንግሊዛዊው የቅርስ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ እ.ኤ.አ. በ1889 እና 1890 ግብፅ ውስጥ ካሁን በምትባል የጥንት የሠራተኞች ከተማ ሲቆፍር የለሳኝ እንጨት አገኘ። ጠፍጣፋ ነው፣ ከጀርባው መያዣ አለው፣ ከአንድ እንጨት ተጠርቦ የወጣ ነው። ዕድሜው 3,800 ዓመት ገደማ ነው፤ ዛሬ መርካቶ ከሚሸጠው የእንጨት ፍራታሶ አጠገብ ቢቀመጥ ወንድማማች ይመስላሉ። የትንሹ መሣሪያ ቅርጽ ያኔ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል።

ትልቁ መሣሪያ፣ ማለትም ረጅሙ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ሌላ ሐሳብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ አርክቴክት ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ በጻፈው መጽሐፍ ሰባተኛው ክፍል ላይ ስለ ልስን በዝርዝር ያወራል። ኮርኒስ ሲሠራ ሸምበቆ ተቀጥቅጦ በእንጨቱ ላይ እንዲታሰር፣ ከዚያ ልስን እንዲለብስ ይመክራል። ግድግዳው ከመጀመሪያው ሸካራ ዙር በኋላ ሦስት ዙር የአሸዋ፣ በላዩም የእብነ በረድ ዱቄት ዙሮች እንዲሰጡት ይፈልጋል። ዋናው ነገር ግን ልኩ ነው። ርዝመቱ በቀጥ ማድረጊያ ዘንግና በገመድ፣ ቁመቱ በቱንቢ፣ ማዕዘኑ በማዕዘን መለኪያ መረጋገጥ አለበት ይላል። እዚህ ላይ መዳፍ ዳኝነቱን ያጣል። ግድግዳው ልክ መሆኑን የሚናገረው ከሠራተኛው ውጭ ያለ ነገር ነው፤ ዘንግ፣ ክር፣ የተንጠለጠለ ክብደት።

ቱንቢን የአማርኛ አንባቢ ከነቢዩ አሞጽ ያውቀዋል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ደግሞ ደዌ የታየበት ቤት ልስኑ ተፍቆ ከከተማ ውጭ እንዲጣልና ቤቱ እንደገና እንዲመረግ ያዝዛል፤ እርጥበት የበላውን ግድግዳ ላይ ላዩን ቀብቶ ቤት የሚያከራይ ሰው ቢያነበው አይከፋም።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ከግንባታ ቦታ አጠገብ ቆሞ ለአሥር ደቂቃ ያዳመጠ ሰው የሚሰማው ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፌሮ፣ አርማታ፣ ሞራሌ፣ ባሬላ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፍራታሶ፣ ስታጃ። "ኮርኒስ" እንኳን በጣሊያንኛ የግድግዳና የጣሪያ መጋጠሚያ ላይ የሚሄደው ጌጥ ስም ነበር፤ አማርኛ ግን ጠርዙን ወስዶ ለመላው ጣሪያ ሰጠው። ስቱኮም እንዲሁ ነው፤ በትውልድ አገሩ ጌጠኛ ልስን፣ እዚህ ከቀለም በፊት የሚቀባ ማለስለሻ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ መንገድና ሕንፃ በብዛት ሲሠራ፣ የድሬዳዋው ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚያው ዘመን ሲተከል፣ ሐበሻው ቀን ሠራተኛ ከጣሊያኑ ግንበኛ አጠገብ ቆሞ ዕቃ እያቀበለ ስሙን ተማረ። ከድሉ በኋላ አገር ውስጥ የቀሩት ጣሊያኖች ብዙዎቹ በዚሁ ሙያ ቀጠሉ። ቃሉ የገባው በትእዛዝ ነው፤ "አምጣ" በሚለው ግስ ፊት ቆሞ።

ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ነገሩን የለወጠው ስታጃ ነው። ስታጃ ማለት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ቀድሞ ከሞራሌ ይወጣ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ባዶ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን የሚያደርገው ነገር እጅ ማድረግ የማይችለውን ነው። አንድ ሜትር የሚረዝም፣ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጎድል ጉድጓድ ግድግዳው ላይ አለ እንበል። ስንዝር የሚያህል ማንኪያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ይወጣል፤ ጉድጓድ መኖሩን እንኳን አያውቅም። ሁለት ሜትር የሆነ ስታጃ ግን ሁለቱን ከፍታ ረግጦ ከላይ ያልፋል፤ ከሥሩ ብርሃን ይታያል። ጉድጓዱ ተገኘ ማለት ነው። ትልቅ መሣሪያ የሚመረጠው ቶሎ ስለሚጨርስ ብቻ ይመስላቸዋል ብዙዎች። ፍጥነቱ ሁለተኛ ነገሩ ነው፤ ዋናው ትንሹ የማያየውን ማየቱ ነው።

አጠቃቀሙ ሥርዓት አለው። ብሎኬቱ ውሃ ይጠጣል፤ ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ መጦ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ቀጭን ውሃማ ልስን በማንኪያ ይረጫል፣ ሸካራ ሆኖ ይደርቃል፤ ቀጣዩ ዙር የሚጨብጠው እሱን ነው። ከዚያ ክር ተወጥሮ፣ ቱንቢ ወርዶ፣ ግድግዳው ላይ በየቦታው ትናንሽ የልስን ጉብታዎች ይቀመጣሉ፤ ጉብታዎቹ ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር ይገናኛሉ። ያ መስመር ለስታጃው ሐዲድ ነው። በሁለት መስመር መሀል ያለው ይሞላና ስታጃው በሐዲዱ ላይ ተደግፎ፣ እንደ መጋዝ ግራ ቀኝ እየተባለ፣ ከታች ወደ ላይ ይሳባል። ትርፉ ይረግፋል። የጎደለው ይታያል፣ ይሞላል፣ እንደገና ይሳባል። ፍራታሶ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ክብ ክብ እያለ ያጠጋጋል። ስታጃው ልክ ያልሠራውን ፍራታሶው አያስተካክለውም። ብዙ ግድግዳ የሚበላሸው ሐዲዱ ሳይሠራ፣ በዓይን ግምት ተለጥፎ፣ በፍራታሶ "ሲዋብ" ነው።

የሞራሌ ስታጃ ችግር ውሃ መጠጣቱ ነው። ጠዋት ቀጥ ያለው ከሰዓት ይጣመማል፤ የተጣመመ ስታጃ ደግሞ ጥመቱን በእያንዳንዱ ክፍል ላይ በታማኝነት ይቀዳዋል። የተጎዳ አሉሚኒየምም ያው ነው። ጥሩ ለሳኝ ስታጃውን አንስቶ በአንድ ዓይኑ ጫፍ ለጫፍ ሲያየው ተመልክታችሁ ይሆናል። ጠመንጃ የሚያነጣጥር ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሲለወጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ፤ ብዙም አልተወራለትም። መዳፍ መሣሪያ በነበረበት ዘመን የግድግዳው የመጨረሻ ገጽ የሴቷ ነበር። ስታጃና ፍራታሶ ሲመጡ ሥራው ስም አገኘ፣ ደመወዝ አገኘ፣ የወንድ ሆነ። ሴቷ ከግንባታው ቦታ አልጠፋችም፤ ዛሬም አለች። ባሬላውን ይዛለች። አሸዋ ትነፋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ልስኑን ለለሳኙ ታቀብላለች። በእናቷ ቤት የለቀለቀችውን ግድግዳ በከተማው ቤት የምትነካው ቆሻሻውን ስትጠርግ ነው። ይህን ማንም በአዋጅ አልወሰነውም። መሣሪያ ሲለወጥ መሣሪያውን ማን እንደሚያስተምርና ለማን እንደሚያስተምር አብሮ ይለወጣል፤ ጣሊያኑ ግንበኛ "አምጣ" ያለው ወንድ ልጅ ነበር፤ ያ ልጅ ሲያድግ ያስተማረው ደግሞ ወንድሙን ነው። ስለ ልስን ጥራት መቀነስ የሚያማርር ሰው የሙያውን ግማሽ ሕዝብ ያወጣነው ያኔ መሆኑን ቢያስብ ደግ ነው።

ከነጻነት በኋላ ያሉት አሥርት ዓመታት ቀጥ ያለ ግድግዳ የመንግሥትነት ምልክት የሆነባቸው ናቸው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ቀጥሎም ያው ሰው የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ሲቆም፣ ሰፊ ገጽ፣ ሹል ጠርዝና ረጅም ኮርኒስ የዘመናዊነት መልክ ሆኑ። በነዚያ ሕንፃዎች ላይ ጊዜም ገንዘብም ነበረ። ለሳኙ ሐዲዱን እስኪሠራ የሚጠብቀው ሰው ነበር።

ነገሩ የከፋው ያው ደረጃ ለሁሉም ሲጠየቅ፣ ጊዜው ግን ለሁሉም ሳይሰጥ ነው። ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም በብዛት መሠራት ሲጀምር ቤቶቹ ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ለባለዕድለኛው ይሰጡ ነበር። ማጠናቀቁ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በአንድ ጊዜ በአንድ ሰፈር በሺህ የሚቆጠር ሰው ለሳኝ ፈለገ፤ ትናንት አሸዋ ሲያቀብል የነበረው ዛሬ ማንኪያ ያዘ። ክፍያው በካሬ ነው። በካሬ የሚከፈል ሰው ቱንቢ ሲያወርድና ሐዲድ ሲሠራ የሚያሳልፈው ሰዓት ከኪሱ የሚወጣ ነው። በዚያ ላይ ብሎኬቱ ጠማማ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር የጎደለን ግድግዳ ቀጥ ለማድረግ ሦስት ሳንቲ ሜትር ልስን ያስፈልጋል፤ አንድ ካሬ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ልስን ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ሦስቱ 60 ኪሎ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ በሰው ጀርባና በባሬላ የሚወጣ ነው። ባለቤቱ የሲሚንቶውን ዋጋ ሲሰማ "ስስ አድርገው" ይላል። ስስ ልስን ደግሞ ምርጫ የለውም፤ ግድግዳው ወደሄደበት ይሄዳል። ለሳኙ በሲሚንቶ ወደ እናቱ መዳፍ ተመለሰ ማለት ነው። ባለቤቱ ግን የሚጠብቀው የማዘጋጃ ቤቱን ኮርኒስ ነው።

ኮርኒስ ላይ ሒሳቡ ይብሳል። አራት በአራት የሆነ ክፍል 16 ካሬ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ ቢለሰን ከ600 ኪሎ በላይ ራስ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር አለበት። የአርማታው ሥር በእንጨቱና በዘይቱ ምክንያት ልሙጥ ከሆነ ካልተወቀረ አይጨብጥም። ዓመት ቆይቶ ቁርጥራጩ አልጋ ላይ የወደቀበት ቤት ጥቂት አይደለም። ኮርኒስን በወፍራም ልስን ቀጥ ማድረግ መጀመሪያውኑ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው በጀሶ በኩል ነው። ጀሶ የሚለው ቃልም ጣሊያንኛ ነው፤ አዲስ አበቤ ግን ቃሉን የሚያውቀው ወይ ከተሰበረ እጅ ወይ "እንጀራ ውስጥ ተገኘ" ከተባለው ወሬ ነው። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው የግድግዳ ጀሶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይያዛል፤ ያንኑ 16 ካሬ ኮርኒስ ለመሸፈን አንድ ኩንታል አይሞላም። እሱን ተከትሎ ሰፊው ስፓቱላ መጣ፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ቀጭን ብረት። ሥራው የስታጃና የማንኪያ ልጅ መሆን ነው። ልክ ያወጣል፣ በዚያውም ያለሰልሳል።

አመራረጡ ላይ ሱቁ የሚሸጥላችሁን ሁሉ አትመኑ። በጣም ሰፊው ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ግድግዳ ላይ ሰውነት ከጀርባው ስለሚገፋ ሜትር የሚሆነው ይሠራል። ኮርኒስ ላይ ግን ክንድ ብቻ ነው ያለው፤ ከ60 የማይበልጥ፣ ቀላልና የማይዝግ ብረት ያለው ይሻላል። ብረቱ ትንሽ መለጠጥ አለበት፣ መጥመም ግን የለበትም። ጠርዙ ብርሃን ፊት ተይዞ ሲታይ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ጥቂት የዞሩ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ሹል ጫፍ በእያንዳንዱ ሳብታ ላይ መስመር ይተዋል። ማዕዘን ውስጥ ሰፊው አይገባም፤ እዚያ ትንሹ ስፓቱላ ንጉሥ ነው። ጀሶው ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃ ወደ ጀሶ አይጨመርም። ጀሶው ባልዲ ውስጥ ሆኖ መያዝ ይጀምራልና በደቂቃዎች የሚያልቅ ያህል ብቻ ይቦካል። ሲለጠፍ ስፓቱላው ወደ ግድግዳው ይተኛል፣ ሲፋቅ ይቆማል። መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ዙር በተሻጋሪው። ከሁሉም በላይ ብረቱ ይጸዳ። የስንዴ ፍሬ የምታህል የደረቀች ጀሶ አንድ ሜትር ሙሉ ትቧጭራለች።

ሰፊው ስፓቱላም ግን ተአምር አይሠራም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ያስተካክላል፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር የጎደለ ግድግዳን ቀጥ የሚያደርግ ስፓቱላ የለም። እሱ የግንበኛው ዕዳ ነው፤ ግንበኛው ብሎኬቱን ሲደረድር በክርና በቱንቢ ቢሠራ ኖሮ ለሳኙ ባልተሰደበ ነበር። ልስን የመጨረሻው ሥራ ስለሆነ የፊተኞቹ ሁሉ ጥፋት በሱ ስም ይጻፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አንዳንድ የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ከወለሉ ጋር በአሉሚኒየም ቅርጽ ማውጫ በአንድ ላይ በአርማታ እየተሞላ ይወጣል። ቅርጹ ሲነሳ ግድግዳው ልሙጥ ነው። ሦስቱ ዙር ልስን ቀርቷል፤ ስታጃው፣ ክሩ፣ ጉብታዎቹ ወደ ፋብሪካው ሄደዋል። ለሳኙ የሚጠራው ለሁለት ቀጭን ዙር ጀሶ ነው፤ በካሬ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ይቀጥናል። የሲሚንቶ ልስን ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እዚያ ሲደርስ ከአንድ ወር ለማጅ ጋር በአንድ ዋጋ ይደራደራል። በሌላ በኩል 25 ኪሎ ጀሶና 60 ሳንቲ ሜትር ስፓቱላ 60 ኪሎ ሲሚንቶና ባሬላ አይደሉም፤ ሥራው ከጉልበት ይልቅ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። ባሬላ ስትይዝ የኖረችው ሴት ስፓቱላውን እንዳትይዝ የሚከለክላት የጉልበት ምክንያት አልቆለታል። የቀረው የሚያስተምራት ሰው ነው።

ለጊዜው ግን ርክክቡ ያው ነው። ሥራ ሲያልቅ አዋቂ ለሳኝ ባለቤቱ ከመምጣቱ በፊት ማታ ላይ አምፖል ያለው ገመድ ይዞ ከግድግዳው ጥግ ይለጥፈዋል። ብርሃኑ በጎን ሲሄድ ጉድፉ ሁሉ ጥላ ያወጣል። በእርሳስ ያከብበዋል። ጠዋት ቀሪዋን ጀሶ አቡክቶ፣ ትንሹን ስፓቱላ በሰፊው ላይ እየጠረገ፣ የተከበቡትን አንድ በአንድ ይደፍናል።